የተዘፈዘፈው ዘር

«እንዴት እኩል ይሆናሉ?»

ልጅቷ በሁለቱ የበቆሎ መደቦች መሀል ቁጢጥ ብላ አንዴ ወደ ቀኝ፣ አንዴ ወደ ግራ ታያለች። በቀኝ ያለው ሌሊቱን ውሃ ውስጥ ተዘፍዝፎ አድሮ ተዘራ የተባለው ነው፤ በግራ ያለው ደረቁን የተዘራው። ቡቃያዎቹ ግን በቁመትም በቅጠልም ቁርጥ መንታ ናቸው።

«ጀመረሽ ደግሞ!» አለች ጓደኛዋ አካፋው ላይ ተደግፋ። ክፍሉ በሙሉ ሳቂታ ነው የሚላት። ልጅቷን ደግሞ ፖሊስ ይሏታል፤ እርሳስ በጠፋባት ቁጥር የሁሉንም ቦርሳ ካልፈተሽኩ ስለምትል።

«የተዘፈዘፈው ሁለት ቀን ቀድሞ በቀለ አላልሽኝም?»

«ቀድሞ ነበር። ከዚያ ያኛው ደረሰበት። አታካብጂ በናትሽ!»

ይህን ስትል ሳቂታ አልሳቀችም። ያልጠረጠረ ተመነጠረ ነውና የፖሊስ ልብ እረፍት አጣ። ዘሩ በተዘራበት ሳምንት ጉንፋን ጥሏት ቤት ነው የከረመችው። የሳይንስ ክበቡን ሥራ ሳቂታ ብቻዋን ሠርታ፣ ያየችውን ነግራታለች።

ፖሊስ አካፋውን ከሳቂታ ተቀብላ ልትመልስ ሄዳ ከዕቃ ቤቱ ጀርባ ክዳኑ ጥርቅም ያለ ባልዲ አገኘች። ስትከፍተው የኮመጠጠ ሽታ አፍንጫዋን መታት። ውስጡ ያበጠና ዝልግልግ ያለ በቆሎ ነበር።

«ይሄስ?»

ተከትላት የመጣችው ሳቂታ ክዳኑን መልሳ ገጠመችው። «እሁድ ማታ መዘፍዘፍ ሲገባኝ አርብ ዘፈዘፍኩት። ሰኞ ስመጣ በስብሷል። ደነገጥኩና ሁለቱንም መደብ ደረቅ ዘር ዘራሁበት።»

«እና ሁለት ቀን ቀደመ ያልሽው?»

«ምን ልበል ታዲያ! መምህሩ ነገ ሰልፍ ላይ ውጤቱን ሊያወሩት ነው። እባክሽ እንዳትናገሪ። ማን ይጎዳል?»

ልጅቷን ግን አባቷ ትዝ አላት። የተዘፈዘፈ ዘር ቀድሞ ይበቅላል ብላ ነግራው፣ «እርግጠኛ ነሽ?» ብሎ ሲጠይቃት «በዓይኔ አይቻለሁ» ብላዋለች። እሱም «አንድ ሌሊት እንዲህ ካደረገው፣ ሦስት ሌሊት ቢያድርማ!» ብሎ የዓመቱን ዘር በሙሉ ትናንት ማታ በርሜል ውስጥ ዘፍዝፎታል። ሌላ ዘር የላቸውም። ሰውን ሁሉ ስትጠረጥር የኖረችው ልጅ፣ ሳትጠረጥር የተቀበለችውን ወሬ የራሷ አድርጋ ለአባቷ አቀብላለች።

ባልዲውን እዚያው ትታ ወደ ቤት ሮጠች።

አባቷና ጎረቤታቸው አናጢው በርሜሉ አጠገብ ቆመዋል።

«ይኸው መጣች!» አለ አባቷ ደረቱን ነፍቶ። «ንገሪው እስቲ፤ ይሄ ሰውዬ አላምን ብሎኛል።»

«ዘር ውሃ ጠጥቶ ይሰክራል እንጂ ያድጋል?» ብሎ ሳቀ አናጢው።

መምህሩ ሐሳባቸውን ቀይረዋል፣ ዛሬውኑ ይውጣ ብለዋል ብትል ይበቃ ነበር። ዘሩም ይተርፋል፣ አባቷም አያፍርም። ቃሉ አፏ ላይ ደርሶ ነበር።

«አላየሁም፣ አባዬ።»

«ምኑን?»

«ቀድሞ ሲበቅል። በዓይኔ አይቻለሁ ያልኩህ ውሸቴን ነው።»

አናጢው ጉሮሮውን ጠራርጎ ወደ ሌላ ዞረ። የአባቷ ደረት ቀስ እያለ ወደ ቦታው ተመለሰ።

«ታዲያ ማን አየ?»

«ማንም። መምህሩ ያስተማሩን አንድ ሌሊት ብቻ እንዲያድር ነው። ሲሰነብት እንደሚበሰብስ ግን ዛሬ አይቻለሁ። አሁኑኑ አውጥተን ጥላ ላይ እናስጣው።»

«ይሄንንስ በዓይንሽ ነው ያየሽው?»

«በዓይኔ።»

አባቷ አንዴ በርሜሉን፣ አንዴ እሷን ያያል፤ የቱን ቃሏን እንደሚያምን ግራ ገብቶታል። መሬት መሬት ማየት አማራት፤ አላደረገችውም። ወንፊቱን ከግድግዳው አወረደች፤ እጅጌዋን ሰብስባም እጇን እስከ ክርኗ በርሜሉ ውስጥ ከተተች።