ሰርዋ የቀዳችው አረቄ

እናቴ ሰርዋ በሞተች በአራተኛው ቀን ታላቅ ወንድሟ ኦፖንግ የቀብር ማስታወቂያዋን አሳትሞ በከተማችን ግድግዳ ሁሉ ላይ አስለጠፈ። ፎቶዋ ያምራል። ከሥሩ እኔ ልጇ አለሁ፣ ወንድም እህቶቿ አሉ፣ ኩማሲ የሚኖሩ በዓይናችን አይተናቸው የማናውቅ የአክስት ልጆች ሳይቀሩ አሉ። አባቴ የለም።

አባቴ አታንጋ መናኸሪያው ግድግዳ ሥር ቆሞ መነጽሩን ሁለት ጊዜ ጠረገ።

«አፍራኮማ፣ እስኪ አንቺ አንብቢው። “ባል” የሚል አለ?»

«የለም፣ አባዬ።»

«ሠላሳ ስምንት ዓመት ታዲያ ምኗ ነበርኩ? ተከራይ?»

ነገሩ ከወረቀት ያልፋል። በእኛ ዘንድ ለሚስት የሬሳ ሣጥን የሚያመጣው ባል ነው። አጎቴ ሣጥኑን ካልተቀበለ፣ አባቴ እንደ ማንኛውም ለቀስተኛ ከኋላ ቆሞ ይሸኛታል።

አባቴ ከሌላ ጎሳ የሆነ የሰሜን ሰው ነው። በወጣትነቱ ወደዚህ የመጣው የልብስ ስፌት መኪና ሊጠግን ነው። እናቴ ደግሞ ገበያው ዳር ትሰፋ ነበር። በመጀመሪያው ቀን የተሰበረ መርፌ ነቅሎ አወጣላት፤ እሷ እጁን ስታይ ዋለች። በዚያው ወር መኪናዋ አምስት ጊዜ ተበላሸ።

በአምስተኛው ብሎኑን በጣቱ ይዞ፣ «እቱ፣ ይሄ ብሎን ብቻውን አይፈታም» አላት።

«ብቻውን ተፈታ ያልኩህ መቼ ነው?» አለችና ቀና ብላ አየችው። እሱ ብሎኑን ማጥበቁን ረሳው።

እንደ ደንባችን ሽማግሌና አረቄ ይዞ ሊጠይቅ ሲመጣ፣ ኦፖንግ ጠርሙሱን በእግሩ ወደ በሩ ገፋው። «የእኛ ልጅ ለመንገደኛ አትሰጥም!»

ልማዱ ልጅቷን ሦስት ጊዜ «እንቀበል ወይ?» ብሎ መጠየቅ፣ እሺ ካለች አረቄውን ጠጥቶ ጋብቻውን ማጽናት ነው። ማንም አልጠየቃትም። እናቴ ተነሥታ ጠርሙሱን ከፈተች።

«ተቀበሉ! ተቀበሉ! ተቀበሉ!»

ብርጭቆ ሞልታ ለወንድሟ ዘረጋችለት። ፊቱን አዞረ። ለአክስታቸው፣ ለቤቱ ትልቅ ሴት ለናና ኮናዱ ዘረጋችላት። ናና ብርጭቆውን ትንሽ አየችውና ጭልጥ አደረገችው።

ኦፖንግ «ምን አደረጉ?» ብሎ ሲጮህባት፣ «ጠምቶኝ ነው» አለች።

ከዚያ በኋላ በተጠየቀች ቁጥር መልሷ ይኸው ነበር። ኦፖንግም «ጠምቷት ነው፤ ጋብቻ የለም» ሲል ኖረ። እናቴ ግን በዚያው ዕለት ስፌት መኪናዋን ተሸክማ አባቴ ቤት ገባች።

የቀብሩ ጠዋት አባቴ ሣጥኑን ሬሳዋ ወዳረፈበት የቤተሰቧ ቤት በጋሪ አመጣ። ኦፖንግ በሩ መሀል ወንበር አድርጎ ተቀምጧል።

«መልሰው። ባል አረቄው የተጠጣለት ነው።»

«ተጠጥቷል!» አልኩት።

«አንቺ ያኔ የት ነበርሽና?»

«ሣጥኑ ካልገባ እኔም አልገባም። እናቴን ያለ ልጅ ይቅበሯት!»

አባቴ እንድተወው ክንዴን ያዘኝ። በዚህ መሀል ናና ኮናዱ ከውስጥ በከዘራዋ እየተመራች ወጣች። ዘጠና አልፏታል።

«ኦፖንግ፣ ተነሥ።»

«ናና፣ ያኔ ጠምቶኝ ነው ብለው አልነበር እንዴ?»

«ፈርቼህ ነው ያልኩት። አልጠማኝም ነበር። ለሰርዋ ብዬ፣ እያወቅኩ ነው የጠጣሁት።»

ኦፖንግ ወንበሩን አንሥቶ ከበሩ ዞር አለ። ሣጥኑ ገባ፤ አባቴም ያን ጊዜ ገና አለቀሰ።

ከቀብር መልስ እናቴ ጨርቅ የምታሰምርበትን ጠመኔ ይዤ ከተማውን ዞርኩና በየማስታወቂያው ላይ «ባሏ አታንጋ» ብዬ ጻፍኩ። ዝናብ ካጠበው ደግሜ እጽፈዋለሁ።