በቆጣሪው በኩል የነበረው ሰው

የኤሌክትሪክ ሠራተኛው የኔሰው የሞተው ገመድ መሳቢያውን የብረት ሽቦ እንደጨበጠ ነው። ቀራንዮ ሰፈር፣ ገና በር ባልተገጠመለት ቤት ወለል ላይ በጎኑ ወድቋል፤ ሽቦው በመሠረቱ ኮንክሪት ውስጥ ካለፈው ቱቦ ወጥቶ እስከ መዳፉ ተዘርግቷል።

ኢንስፔክተር ማኑሄ አማትቦ አጠገቡ ቁጢጥ አለ። የቤቱ ባለቤት ወይዘሮ ሰብሌና ተቋራጩ ታዲዮስ ደጅ ቆመዋል። ሽማግሌው ዘበኛ አቶ ወዬሳ በካቴና ታስረዋል፤ የኤሌክትሪክ ቆጣሪው ሳጥን ቁልፍ ያለው እሳቸው ዘንድ ነዋ።

«አባቴ፣ የት ነበሩ?» አላቸው ማኑሄ።

«መድኃኔዓለምን ተሳልሜ ስመለስ ወድቆ አገኘሁት። ቁልፉን እንደወትሮው ከጎጆዬ ምስማር ላይ ሰቅዬ ነበር። ልጁን ለዚህ ሥራ ያመጣሁት እኮ እኔ ነኝ! ገዳዩ ከተባልኩ በምን ፊቴ እናቱን አያለሁ?»

«ትናንት ስትጨቃጨቁ ሰምቻለሁ» አለች ሰብሌ።

«እርጥብ ሲሚንቶ ረገጥክ ብዬው ነው! በዚህ ሰው ይገደላል?»

ማኑሄ ወደ እሷ ዞረ። «እርስዎንስ አነጋግሮዎት ነበር?»

«ማታ ደውሎ ‹እትዬ፣ መሠረትዎ ላይ የማሳይዎት ነገር አለ› አለኝ። ግራ ቢገባኝ ለታዲዮስ ነገርኩት፤ ለሌላ ለማንም አልተነፈስኩም።»

ታዲዮስ ሳቅ አለ። «የሠራተኛ ወሬ! ኢንስፔክተር፣ እኔ አስራ ስምንት ማዞሪያ ምግብ ቤት ቁርስ እየበላሁ ነበር። ብቻውን ሲሠራ ኤሌክትሪክ ያዘው፣ በቃ። ከፌራዮነት፣ ብረት ከማሰር ተነስቼ እዚህ የደረስኩ ሰው ነኝ፤ ስንቱን አይቻለሁ።»

ማኑሄ ሰው ሲናገር አያቋርጥም። አዳምጦ ሲጨርስ የቱቦውን ዙሪያ በባትሪ አየ፤ ኮንክሪቱ በመሮ ተፈልፍሏል፣ የተቆረጠ የፌሮ ብረት ጫፉ ያብለጨልጫል። ኤሌክትሪኩ መቋረጡን አረጋግጦ ገመዱን ከቱቦው ሳበ፤ ጫፉ ላይ የተጠቀለለውን ፕላስተር ላጠ። ከዚያ ሰዎቹን ሁሉ አጥሩ ላይ ካለው ቆጣሪ ስር ሰበሰባቸው።

«በቱቦ ውስጥ ገመድ ብቻውን የሚያሳልፍ የለም» አለ። «አንዱ ከወዲያ ይስባል፣ አንዱ ከወዲህ ይገፋል። ስለዚህ እዚህ ሰው ነበር። የገመዱ ጭራ ገመዱ ሳያልፍ አይላጥም፤ ይኸው፣ ተልጦ ከቆጣሪው ጋር ተገናኝቶ መዳቡ ጠቁሯል። የገመዱ ራስ ደግሞ ከመሳቢያው ሽቦ ጋር ታስሯል። ኤሌክትሪኩ በዚያ አልፎ የኔሰው መዳፍ ገባ።»

«ቁልፉ የኔ ነው» አሉ ወዬሳ በለሆሳስ።

«ቁልፉ የሚሰቀልበትን ሁሉም ያውቃል፣ አባቴ። ይህን እስራት ግን ሁሉም ሰው አያስረውም። የኤሌክትሪክ ሠራተኛ መዳቡን ራሱን አጥፎ ያስራል። ይህ በጥቁር ሽቦ ታስሮ በፒንሳ ተጠምዝዟል፤ የፌራዮ እስራት ነው።»

የታዲዮስ ሳቅ ጠፋ።

«መሠረቱ ሲሞላ ቱቦው ተረሳ። ከደረቀ በኋላ ኮንክሪቱን ፈልፍለህ፣ ቤቱን የሚሸከመውን ፌሮ ቆርጠህ አሳለፍከው። የኔሰው ለወይዘሮ ሰብሌ ሊያሳያቸው የነበረው ይህን ነው። ሊያሳያቸው መሆኑን ደግሞ ካንተ በቀር የሰማ የለም።»

«እንዲደነግጥ ብዬ ነው…» አለ ታዲዮስ አጥሩን ተደግፎ። «አፉን እንዲይዝ ብዬ…»

ካቴናው ከሽማግሌው እጅ ወጥቶ ታዲዮስ እጅ ገባ። ሰብሌ የወዬሳን ጉልበት ልትስም ጎንበስ ስትል ትከሻዋን ይዘው አነሷት።

«ተይ ልጄ፣ እግዜር ይቅር ይበለን። ይልቅ ለመርዶ አብረውኝ የሚሄዱ ሁለት ሽማግሌ ፈልጊልኝ።»

«አሁኑኑ፣ አባባ?»

«አይደለም። ዛሬን እናቱ ትተኛ። ሲነጋጋ በሯን የማንኳኳው እኔ ነኝ።»