ከገንዳው የጠፋችው ሸርጣን

ሽማግሌው አጥማጅ መርቭ ሃዶው ማለዳ ላይ ባሕር ዳር ባለችው መጋዘኑ፣ ከሸርጣን ገንዳው ሥር ሞቶ ተገኘ። ራሱን የፈለጠው መቅዘፊያ አጠገቡ ወድቋል።

ድሮ የአውስትራሊያዋን የባሕር ዳር ሰፈር ዊነምን ባሕሩ ነበር የሚያበላት፤ ዛሬ ባሕር የሚያዩ ፎቆች እየሸጠች ትኖራለች። ከአጥማጆቹ መጋዘኖች የቀረችው ይቺው ነበረች። ልጁ ሊያን «ሽጣት» እያለች ስትጨቀጭቀው ሰፈሩ ሁሉ ሰምቷል። ወራሽም ስለሆነች፣ መርማሪ ዴልማ ስትደርስ ፖሊሶቹ ካቴና ሊያስገቡላት ነበር። ዴልማ ሰው ቶሎ አታምንም፤ እንኳንም አላመነች።

«ክንድሽን ምን ነካው?» አለቻት ሊያንን።

«ወድቄ ነው። ጄሶው ገና አልተፈታም።»

ቤት ገንቢው ግራንት ሴለርስ የመጣው ከሲድኒ ነው። «ትናንት አመሻሽ ሽያጩን ጨርሰናል» አለ። «የሸርጣኖቹን ጥፍር በሲባጎ እያሰረ ነበር። አንዷን ‹ሴት ናት፣ ትራባ፤ የሸሸው የባሕር ውኃ ሲመለስ እለቃታለሁ› አለኝ። እኔ ብሆን ለእራት ነበረች።»

ክላይቭ ደንስታን ከሟቹ ጋር በአንድ ጀልባና በዚችው መጋዘን ያረጀ ሰው ነው። «ትናንት ወደ መጋዘኑ ዝር አላልኩም፣ ልጄ።»

ሐኪሙ፣ መርቭ የሞተው ውኃው ሳይመለስ ነው አለ። ዴልማ ገንዳውን አየች። ያሉት ወንድ ሸርጣኖች ብቻ ናቸው፤ ጠርዙ ላይ የተቆረጠ ሲባጎ ቀርቷል። ሦስቱንም መጋዘኑ ውስጥ ሰበሰበቻቸው።

«ሴቷን ሟቹ አልለቀቃትም፤ ውኃው ሲመለስ በሕይወት አልነበረም። ሌባም ቢሆን ሁሉንም ይወስዳል። የለቀቃት ገዳዩ ነው። ሴለርስ ቢያገኛት ይበላታል። ሊያን በአንድ እጇ ያንን ጥፍር ብትፈታ ጣቷ አይተርፍም። ወደዚህ የሚገባ ሌላ ሰው የለም። የዊነም አጥማጅ ደግሞ ሴት ሸርጣን ይዞ አያድርም። እጅዎ ልማዱን አልተወም፣ አባባ ክላይቭ።»

ሽማግሌው መሬት መሬቱን አየ።

«ሸርጣኗ ምን አጠፋች?» አለ። «ይሄ ቤት ገንቢ ትናንት በሩ ላይ ‹ጨርሰናል፣ ዕቃህን ሰብስብ› አለኝ። ዕድሜዬን የፈጀሁበትን ቦታ ሸጠብኝ ብዬ ገባሁ። መርቭ ሊያስረዳኝ አፉን ከፈተ፤ አላስጨረስኩትም።»

የግራንት ፊት አመድ መሰለ። ዴልማ ዞር ብላ አየችው።

«ውሉ የታለ?»

«የለም» አለ ግራንት። «ክላይቭ ተስፋ ቆርጦ እንዲለቅልኝ ነው የዋሸሁት። መርቭማ እንቢ ብሎኛል። ‹እኔ ብሸጥ ክላይቭ የት ይሄዳል?› ነው ያለኝ።»