የክፍል አሥራ ዘጠኝ ክስ

ታምሲን ሰው ስትወድ ዝም ማለት አይሆንላትም፤ ጋሬት ደግሞ ሲወድ መናገር አይሆንለትም። እንዲህ ያሉ ሁለት ሰዎችን ያገናኘ ዕድል ቀልደኛ መሆን አለበት። አንድ ዓመት ሊሞላ ምንም እስካልቀረው ድረስ እሷ እየጠየቀች፣ እሱ «እሺ» እና «እናያለን» እያለ ኖሩ። እንግሊዝ አገር ውስጥ፣ ከእሷ ከተማ ሃሊፋክስ እስከ እሱ ከተማ ሃል በባቡር ሁለት ሰዓት ቢሆን ነው፤ የሚኖርበትን ቤት ግን አንድ ቀን አሳይቷት አያውቅም። የጀልባ ሞተር እንደሚጠግንና ከአያቱ ጋር እንደሚኖር ታውቃለች፤ ከዚያ በላይ የምታውቀው የለም። ይህ ነገር ያንገበግባት ነበር።

የተዋወቁት ባለፈው መጋቢት ስካርቦሮ በምትባል የባሕር ዳር ከተማ ነው። «ጨው ቤት» የሚባለውን የድሮ የስለላ ድራማ የሚወዱ አርባ የሚሆኑ ሰዎች በዓመት አንድ ቅዳሜ ከባሕሩ ፊት ለፊት ባለ ሆቴል አዳራሽ ይሰበሰባሉ። ድራማው ሃያ ስድስት ክፍል ብቻ ነው፤ ከታየም ሃምሳ ስድስት ዓመት ሆኖታል፤ እነሱ ግን ትናንት የታየ ይመስል ይጣሉበታል። ምርጡ የትኛው እንደሆነ ማንም ግድ የለውም። ጠቡ ከሁሉ የባሰው የትኛው ነው በሚለው ላይ ነው። የባሰ ተብሎ ለተመረጠው ክፍል የእንጨት ማንኪያ ይሸለማል፤ ድምፅ ከመሰጠቱ በፊት ደግሞ አንድ አባል ተነስቶ ክስ ያነባል።

ያን ቀን ታምሲን ሻይ ልትቀዳ ስትል ከጎኗ የቆመ ረጅም ሰው ወተት የያዘ እጇን አይቶ፣ «ከሻዩ ወተቱን ነው የምታስቀድሚው?» አላት።

«አዎ። ምነው?»

«ምንም። እንዲህ ያሉ ሰዎች አሉ ሲባል እሰማ ነበር።»

ሳትፈልግ ሳቀች። ከዚያ ስለ ወተት፣ ከወተት አልፈው ስለ ክፍል ሰባት፣ ከዚያም ስለ ክፍል ሃያ ሁለት ሲከራከሩ ሻዩ ቀዘቀዘ። ሲያዳምጥ ዓይኑን ከፊቷ አይነቅልም። ማንም እንዲህ አዳምጧት አያውቅም ነበርና በዚሁ ተያዘች። ስለ ክፍል አሥራ ዘጠኝ ስታነሳበት ብቻ ወደ መስኮቱ ዞረና «እሱን ተይው» አላት። ተወችው። ወደፊት ብዙ ነገር ተይው እንደሚላት ገና አላወቀችም።

ዓመቱ ዞሮ መጋቢት ደረሰ። የዘንድሮ ክስ አንባቢ ታምሲን ናት፤ ተከሳሹ ክፍል አሥራ ዘጠኝ። ወረቀቷን ስታስተካክል ጋሬት በበሩ ገባ፤ ነጭ ፀጉር ያላቸው ደቃቃ አሮጊት ክንዱን ይዘዋል።

«አያቴ ናት፣ ዶሪን» አለ። «የስብሰባውን ወረቀት ኪሴ ውስጥ አግኝታ ካልሄድኩ አለችኝ።» ፊቱ ላይ ደስታ አልነበረም። ታምሲን ግን በደስታ ልትበር ምንም አልቀራት።

ወይዘሮ ዶሪን እጇን ያዙና ከላይ እስከ ታች አዩዋት። «ብዙ ትናገሪያለሽ አሉ። ጥሩ ነው፤ እኛ ቤት የሚናገር ጠፍቷል።»

እንግዲህ ታምሲን እኚህን ሴትዮ ለማስደሰት ስትል ካሰበችው በላይ አሳምራ ልታነብ ተነሳች። ክፍል አሥራ ዘጠኝ መቼም ጉድ ነው። ሻማው በነደደ ቁጥር ይረዝማል። ሰላዩ መጀመሪያ እጁን በፋሻ ይጠቀልላል፣ ከዚያ ውሻው ይነክሰዋል። ጄኔራሉ በጥይት ተመትቶ ይሞትና ከአሥር ደቂቃ በኋላ እራት ቀርቦ ጨው አቀብሉኝ ይላል። የማኅበሩ ሊቀመንበር ክላይቭ፣ ጡረታ የወጡ የፊዚክስ መምህር፣ ጄኔራሉ መንታ ወንድም እንዳለው የሚያስረዳ ሠላሳ ገጽ ጽፈዋል። ታምሲን እንዲህ ያሉ ጥፋቶችን አሥራ አንድ ቆጥራ፣ እያንዳንዱን ከነደቂቃው ደረደረችው። አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። ጋሬትም ሳቀ፤ አየችው። የእሱ ሳቅ ልብ ሰጣትና ወረቀቱ ላይ ያልነበረ ነገር ጨመረች።

«ፊልሙን እየቆረጠ ያቀናበረው ዲ. ፔትሪ የሚባል ሰው ነው። ከዚህ በፊትም ሆነ ከዚህ በኋላ ስሙ የትም የለም። አይገርምም፤ መቀሱን የያዘው በእግሩ ነበር።»

ጣሪያው እስኪነሳ ተሳቀ። ወይዘሮ ዶሪን የሻይ ስኒያቸውን ቀስ ብለው አስቀመጡ። ካፖርታቸውን ለበሱ፣ ቁልፎቹን አንድ በአንድ ቆለፉ፣ ባቡሩ ሊያመልጣቸው እንደሆነ ለልጅ ልጃቸው ነግረው ወጡ።

ታምሲን ኮሪደሩ ላይ ሮጣ ጋሬትን ደረሰችበት። «ምን ሆኑ? አመማቸው?»

«ሳታገባ በፊት ስሟ ዶሪን ፔትሪ ነበር» አለ።

ጋሬት ቀጠለ፤ በዓመት ውስጥ እንዲህ ረጅም ንግግር አድርጎ አያውቅም። «ሃያ ሁለት ዓመቷ ነበር። አለቃዋ ታሞ ነው የሰጧት፣ የመጀመሪያ ሥራዋ። በታየ ማግስት አባረሯት። ከዚያ ወዲህ መቀስ አልነካችም፣ ክፍሉንም አላየችውም። እኔ እዚህ የመጣሁት ምን እንዳጠፋች ለማወቅ ነው።»

«ለምን አልነገርከኝም? ዓመት ሙሉ!»

«ብነግርሽ ታዝኚልኝና እውነቱን ትደብቂኝ ነበር።»

«እና አሁን?»

«አሁንማ ተናገርሽ» አለና አያቱን ተከትሎ ወጣ።

የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም። ታምሲን ደወለች፣ አላነሳም። ጻፈች፣ አልመለሰም። ዘጠኝ ቀን በማን እንደምትናደድ እንኳ መለየት አቃታት። ምላሷን ረገመች። አንድ ቃል አስቀድሞ ቢነግራት ይህ ሁሉ ባልደረሰ ነበርና የእሱን ዝምታም ረገመች። ያንን ሻማ፣ ያንን ውሻ፣ ከሞት ተነስቶ ጨው የሚለምነውን ጄኔራልም አልማረችም። ሰው በሃምሳ ስድስት ዓመት ፊልም ምክንያት ፍቅሩን ያጣል ቢሏት አታምንም ነበር።

ሥራዋ ሃሊፋክስ ካለ የአውቶቡስ ድርጅት ነው፤ የሾፌሮችን የጉዞ ሰዓት ታዘጋጃለች። በአሥረኛው ቀን ጠዋት አንድ ሾፌር ፊቱ ቲማቲም መስሎ ገባና ወረቀቱን ጠረጴዛዋ ላይ ጣለው።

«የኔ ቆንጆ፣ በዚህ ወረቀት ከሆነ ከብሪግሃውስ የምመለሰው ሳልሄድ ነው።»

እያንዳንዱን መስመር አየች። ስህተት የለም። ለካስ በስቴፕለር የመታው ሰው ሦስተኛውን ገጽ ከሁለተኛው አስቀድሞታል። ገጾቹን አቀያይራ ሰጠችው። ሰውየው እያጉረመረመ በሩን ሳይዘጋ እጇ ስቴፕለሩ ላይ ደርቆ ቀረ።

የክሱ ወረቀት ገና ከቦርሳዋ አልወጣም ነበር። አሥራ አንዱን ጥፋቶች ከነደቂቃቸው አየቻቸው። ከአሥራ ሦስተኛው ደቂቃ በፊት አንድም ጥፋት የለም። ከሠላሳ ስምንተኛው በኋላም የለም። ሁሉም መሐል ላይ ናቸው፤ ከሃያ አምስተኛው ደቂቃ በፊት ያለው ነገር ሁሉ ከዚያ በኋላ የሚታየው ነገር ያመጣው መዘዝ ነው። በዚያን ዘመን አንድ ክፍል በአራት ጥቅል ፊልም ይመጣ ነበር። የሆነ ሰው፣ የሆነ ቦታ፣ ሦስተኛውን ጥቅል ከሁለተኛው አስቀድሞታል፤ ከዚያ ወዲህ የተገለበጠው ቅጂ ሁሉ ያንኑ ይዞ ቀርቷል።

እንግዲህ አርባ ሊቅ ተሰብስቦ ሃምሳ ዓመት ሲስቅ አንድ ሰው እንኳ ጥቅሉን ላገላብጠው አላለም። ለሙት መንታ ወንድም የሚፈጥር አእምሮ ገጽ መቁጠር አይታየውም። ታምሲን ራሷም አሥራ አንድ ማስረጃ በእጇ ይዛ መሳቂያ ነበር ያደረገችው። ቤቷ ገብታ በኮምፒውተር የሁለቱን ጥቅሎች ቦታ አቀያየረች። ሻማው ማጠር ጀመረ። ውሻው ነከሰ፣ ፋሻው ተጠቀለለ፣ ጄኔራሉ ጨውን ጠይቆ፣ በልቶ፣ ሞተ። እያለቀሰች ደወለች። አላነሳም።

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ሃል ወርዳ፣ ለልደቱ ካርድ የላከችበትን አድራሻ ይዛ በሩን አንኳኳች። የከፈቱት ወይዘሮ ዶሪን ናቸው።

«ምን ቀረሽ፣ የኔ ልጅ?»

ይቅርታ ልትጠይቅ በባቡሩ ውስጥ ያጠናችው ሁሉ ጠፋባት። «ጥፋቱ የእርስዎ አልነበረም» አለች። «ላሳይዎት እችላለሁ።»

ዝናቡ ከፀጉሯ እየተንጠባጠበ ነበር። «ጫማሽን ጥረጊና ግቢ» አሏት።

መጀመሪያ እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አጣምረው፣ ሐኪም ፊት እንደተቀመጠ ሰው ነበር የሚያዩት። የመጀመሪያው ጥቅል አልቆ ሁለተኛው ሲጀምር ጣታቸው ተንቀሳቀሰ።

«አሁን» አሉ በሹክሹክታ። ምስሉ ተቀየረ።

«አሁን።» ተቀየረ። «ጠብቂ... ጠብቂ... አሁን።» ውሻው ዘለለ። ሃምሳ ስድስት ዓመት ሙሉ ያላዩትን ፊልም እያንዳንዷን ቁራጭ ከመምጣቷ በፊት ይጠሩ ነበር። ጋሬት ከሥራ ገብቶ፣ ዘይት በነካው ልብሱ በሩ ላይ እንደቆመ ሁለቱም አላዩትም። ፊልሙ ሲያልቅ ወይዘሮ ዶሪን ዓይናቸውን በመዳፋቸው ጠረጉ።

«እንዲህ ነበር የቆረጥኩት» አሉ። «ሌላ ሰው ያየው ሌላ ነገር ነው።» ትንሽ ቆይተው ደግሞ፣ «ድርሰቱ ግን ቆሻሻ ነው። ያኔም ነግሬያቸው ነበር» አሉ።

ጋሬት እስከ ባቡር ጣቢያው ሸኛት። መንገዱን ሙሉ አልተነፈሰም። ታምሲን ቲኬት መቁረጫው ፊት ስትደርስ ትዕግሥቷ አለቀ። «ስደበኝ፣ ተቆጣኝ፣ የሆነ ነገር በለኝ!»

«እኔም ስቄ ነበር» አላት መሬት መሬት እያየ። «አንቺ ሳታውቂ ነው። እኔ እያወቅኩ፣ እሷ አጠገቤ ተቀምጣ ሳቅኩ። ስልኩን ያላነሳሁት ባንቺ አዝኜ አይደለም፤ በራሴ አፍሬ ነው።»

እጁን ያዘችው። ባቡሩ መጣ። ሌላ የሚለው ነገር እንዳለ ከንፈሩ ላይ አየችው፤ በሩ ተዘጋና ሳይወጣ ቀረ። ፍቅራቸው ተመለሰ፤ እሱም ወደ ቤቱ ይጠራት ጀመር፤ ስለ ነገ ስታነሳበት ግን ያው «እናያለን» ነው። እንዲህ ሲያቃጥላት ሌላ ዓመት ሄደ።

በመጋቢት ማኅበሩ ክፍል አሥራ ዘጠኝን በትክክለኛ ቅደም ተከተሉ አየ። በዚህኛው ማንም አልሳቀም። ክላይቭ ሠላሳ ገጻቸውን አጥፈው ኪሳቸው ከተቱና ወይዘሮ ዶሪንን በሁሉም ስም ይቅርታ ጠየቁ። ታምሲን በክስ ፈንታ መከላከያ አነበበች። ድምፅ ተሰጠ። ማንኪያው በአንድ ድምፅ ብልጫ እንደገና ለክፍል አሥራ ዘጠኝ ሆነ።

ታምሲን በንዴት ወንበሯን ልትገለብጥ ምንም አልቀራት። ወይዘሮ ዶሪን ግን ማንኪያውን ተቀብለው ቦርሳቸው ውስጥ ሻጡት።

«አትናደጂ። እኔም ድምፄን የሰጠሁት ለሱ ነው» አሏት። «በድርሰቱ ቢሸነፍ ደስ ይለኛል። በኔ መቀስ መሳቃቸው ነበር ያንገበገበኝ።»

ከአዳራሹ ወጥተው ሦስቱ ባሕሩ ዳር ያለ አግዳሚ ላይ ተቀመጡ። ነፋሱ የገዙትን የድንች ጥብስ ወረቀት ይታገላቸዋል፣ የረጩበት ኮምጣጤ ይሸታል። ጋሬት ከጠዋት ጀምሮ የሆነ ነገር ሊል ከንፈሩን ከፍቶ ይዘጋል። ታምሲን ሌላ ጊዜ ቢሆን ምንድን ነው ብላ በጥያቄ ታጣድፈው ነበር። ዛሬ ግን ምላሷን ነክሳ ድንቿን በላች። እሱ ወደ እሷ ዞረ፣ ወደ ባሕሩ ተመለሰ፣ እንደገና ዞረ።

ወይዘሮ ዶሪን ዓይናቸውን ከማዕበሉ ሳያነሱ፣

«አሁን» አሉ።

ጋሬት ወረቀቱን ከጉልበቱ አወረደ። «ሃል መጥተሽ ከኛ ጋር ኑሪ» አለ በአንድ ትንፋሽ። «አግቢኝ ማለቴ ነው። መጀመሪያ አግቢኝ፣ ከዚያ ኑሪ... ወይም እንዳሻሽ። ያላንቺ ቤቱ ዝም ይላል።»

ታምሲን ለዚህ ቀን ብላ ያጠራቀመችው ወሬ ለሁለት ዓመት የሚበቃ ነበር።

«እሺ» አለችው። ሌላ ምንም አልጨመረችም።