የአባባ ግንባር

ሩዪን የታጠፈውን ማራገቢያ ከፍ አደረገች። ልትመታ ስትል ግን እጇ መንገድ ላይ ሐሳቡን ቀየረ። ማራገቢያው የአያቷን ግንባር ነካ፤ ነካ ማለት እንኳ ይበዛበታል፣ ዝንብ እሽ አለችላቸው ቢባል ይቀላል።

ሻይ ቤቱን የሞሉት ስድሳ ያህል ሰዎች የሱፍ ፍሬ መፈልፈላቸውን አቆሙ። ከኋላ አንዱ ጀመረ፣ ሌሎቹ ተቀበሉት።

«ኢ... ይ... ይ...!»

የቻይናዋ የቲያንጂን ከተማ ተመልካች ጨዋታ ሲከሽፍበት አይጮኽም፣ ጫማም አይወረውርም። እንዲህ ብቻ ነው የሚለው። አንዴ የተባለበት ሰው ግን ጫማውን ይመርጣል።

«ልጄ!» አሉ ከፊት የተቀመጡ ወፍራም አሮጊት። «‹ይሄ አህያ ጥርሱ አልቋል› የምትለዋንም ዘለልሻት እኮ! እኔ ለሷ ብዬ ሁለት አውቶቡስ ቀይሬ ነው የመጣሁት!»

«ረስቼው ነው፣ ይቅርታ» አለች ሩዪን። አልረሳችውም።

ጨዋታው «የአህያ ገበያ» ይባላል። ሁለት ሰው ረጅም ካባ ለብሶ ከአንድ ጠረጴዛ ጀርባ ይቆማል። አውጪው ያወራል፤ ተቀባዩ «እህ»፣ «እንዴት ሆኖ?»፣ «ኧረ ተው!» ይላል። በዚህኛው ጨዋታ አውጪው ተቀባዩን አህያ ነው ብሎ ለገበያ ያቀርበዋል፤ ጥርሱን ይቆጥራል፣ ጆሮውን ይጎትታል፣ ሦስት ጊዜ ግንባሩን በማራገቢያ ይለዋል። የአሥራ አምስት ዓመቷ ሩዪን አውጪ ከሆነች ሁለተኛ ወሯ ነው። ተቀባዩ የእናቷ አባት አቶ ቱ ሃንሼንግ ናቸው፤ ሰላሳ ስድስት ዓመት በአህያነት ያገለገሉ፣ የሰባ አራት ዓመት ሰው።

ከመድረክ ሲወርዱ የሻይ ቤቷ ባለቤት ወይዘሮ ቢያን በር ላይ ጠበቀቻቸው።

«ጋሽ ቱ፣ እርስዎን መናገር ይከብደኛል» አለች። ከዚያ ብዙም ሳይከብዳት ተናገረች። «ቅዳሜም እንደዚህ ከሆነ የመድረክ ሰዓታችሁን ለአስማተኛው እሰጠዋለሁ። ጥንቸል አለው። ሰው ጥንቸል ይወዳል።»

«ጥንቸሏ ትናገራለች?» አሉ አያቷ።

«አትናገርም። ግን ምንም አትረሳም።»

አያቷ ካባቸውን በጥንቃቄ አጣጠፉና ሻይ የያዘ ጠርሙሳቸውን አነሱ። ወንዙን ይዘው ወደ ቤት ሲሄዱ ሩዪን ዝም ማለት አልቻለችም።

«አባባ፣ ሰዓቱን ቢወስዱብንስ?»

«ቤት እቀመጣለኋ።»

እሳቸው ቤት ሲቀመጡ ምን እንደሚመስል አይታዋለች። የሥራ ጓደኛቸው፣ አውጪው ጌ ዩንታይ ባለፈው ክረምት ሲሞቱ አያቷ አራት ወር መስኮት ስር በፒጃማ ተቀመጡ። ማንቆርቆሪያው ሦስት ጊዜ ውሃው አልቆ ተቃጠለ። ጎረቤት «አባትሽ ወደ ገጠር ሄዱ እንዴ?» ብላ እናቷን ጠየቀች፤ ድምፃቸው ከግድግዳው ወዲያ መሰማት ካቆመ ቆይቶ ነበር። የአውጪውን ጽሑፍ ከአቶ ጌ ሌላ በቃሉ የሚያውቀው ሰው ሩዪን ብቻ ነበረች፤ ከሕፃንነቷ ጀምሮ ሁለቱ ሽማግሌዎች ኩሽና ውስጥ ሲለማመዱ እየሰማች ነው የቤት ሥራዋን የሠራችው።

«ለምን አልመታሽኝም?» አሉ አያቷ።

«አያቴ ነዎት።»

«መድረክ ላይ ታላቅና ታናሽ የለም። እኛ ሙያ ውስጥ ከገባን ጀምሮ የሚነገረን ይሄ ነው። ስትወርጂ ሻይ ትቀጂልኛለሽ፤ እዚያ ላይ ስትሆኚ ግን ትመቺኛለሽ።»

«አቶ ጌ አያፍሩም ነበር?»

«የተገናኘነው እንሠራበት በነበረው የኩሽኔታ ፋብሪካ የኪነት ቡድን ውስጥ ነው። በኋላ ቴሌቪዥን መጣና ሰዉን ቤቱ አስቀመጠው፤ ለአሥራ አንድ ሰው የሠራንበት ቀን አለ፣ ከአሥራ አንዱ ሁለቱ ዝናብ ሸሽተው የገቡ ናቸው። ያን ቀንም ሦስቱን ምት አልቀነሰልኝም። ግን እኔ በሁለት ዓመት እበልጠዋለሁና፣ ከመድረክ ስንወርድ አንድም ቀን ከእኔ ቀድሞ በር አልፎ አያውቅም። ሊሞት ሲል ሆስፒታል ሄድኩ። ይቅርታ ይጠይቀኛል ብዬ ነበር።»

«ጠየቁዎት?»

«‹እዚያች ጆሮ የምጎትትህ ቦታ ላይ «እህ» የምትለው ይዘገያል› አለኝ። እውነቱን ነው፤ ይዘገያል።»

እራት ላይ እናቷ ሹፈን ወሬውን ሰማች። ኑድሉን ለሦስታቸውም ቀድታ ስትጨርስ ነው የተናገረችው።

«አባዬ፣ አንተን ምንም አልልህም። አንቺን ነው የማናግረው፣ ሩዪን። ቅዳሜ እመጣለሁ።»

ሩዪን የመብያ እንጨቶቿን ሳህኑ ላይ አስቀመጠች። እናቷ ሻይ ቤቱን ረግጣ አታውቅም።

«አራተኛ ክፍል እያለሁ» አለች እናቷ፣ «ክፍል ስገባ ልጆቹ እንደ አህያ ያናፉብኝ ነበር። በየቀኑ። አስተማሪው ሳቁን በደብተር ይሸፍናል። አባቴን ሌላ ሰው መትቶታል፣ እሺ፣ እንጀራው ነው። የገዛ ልጄ ስትመታው ካየሁ ግን ተነስቼ እወጣለሁ። አንቺም ከዚያ በኋላ እዚያ መድረክ ላይ አትወጪም።»

«ካልመታሁ ሰዓቱን ይወስዱባቸዋል!»

«ሌላ ጨዋታ ሥሩ።»

«ሌላውን የሚያውቁት አቶ ጌ ነበሩ» አለች ሩዪን።

አያቷ ኑድላቸውን በድምፅ ሳቡ። ተቀባይ መቼ ዝም ማለት እንዳለበት ያውቃል።

ቅዳሜ ከሰዓት ሻይ ቤቱ ከባለፈው ይልቅ ሞላ። ልጅቷ እንደገና ታበላሻለች ብለው የመጡ ሳይኖሩ አይቀሩም። ወፍራሟ አሮጊት ከፊት ናቸው። እናቷ ሁለተኛው ረድፍ ላይ፣ ኮቷን ሳታወልቅ ተቀምጣለች። አስማተኛው ጥንቸሉን አቅፎ በሩ አጠገብ ቆሟል።

«እናቴ መጥታለች» አለች ሩዪን ከመጋረጃው ጀርባ።

«አየኋት።»

«ምን ላድርግ?»

«እኔ ተቀባይ ነኝ» አሉ አያቷ የካባቸውን ቁልፍ እየቆለፉ። «ያወጣሽውን እቀበላለሁ። አወጣጡን አላዝም።»

ወጡ። ሰላምታው አለፈ፣ ገበያው ተከፈተ።

«ወገኖቼ፣ ቀረብ በሉ! ይሄ አህያ ጥርሱ አልቋል፤ ምላሱ ግን እንዳዲስ ነው!»

አሮጊቷ በእርካታ አጨበጨቡ። ሩዪን ጆሯቸውን ይዛ ጎተተች። «እህ» መጣ፤ ዘግይቶ። ሳቁ ከባለፈው ወፍሯል። አሁን ግንባሩ ነው የቀረው።

እናቷን አየች። እናቷ ያላለችውን አታደርግም፣ ያለችውንም አትተውም። ከዚያ አያቷን አየች። አንገታቸውን በጥቂቱ ወደ ፊት ሰበር አድርገዋል፤ ፀጉር አስተካካይ ፊት የተቀመጠ ሰው እንደሚያደርገው። ፊታቸው ላይ የተዋረደ ሰው አላገኘችም። ሥራ ላይ ያለ ሰው ነው ያየችው፣ የሥራ ባልደረባውን የሚጠብቅ።

መታቻቸው።

«ጧ!» አለ። ሻይ ቤቱ በሳቅ ፈነዳ።

እናቷ ተነሳች።

እዚህ ላይ ጽሑፉ «ኧረ ቀስ!» ነው የሚለው። አያቷ አላሉትም።

«እሺ፣ አህያ ነኝ» አሉ ቀዝቀዝ ብለው። «አንቺ የማን የልጅ ልጅ ነሽ?»

ሳቅ። ይህቺን በጭራሽ አልተለማመዷትም።

«አንቺን እንተውሽ። መሀላችን ያለችውስ?» አያቷ ጣታቸውን ወደ ሁለተኛው ረድፍ ቀሰሩ። «ያቺ የቆመችው?»

ሰዉ ሁሉ ዞረ። የእናቷ ፊት እስከ ጆሮዋ ቀላ። ሩዪን አራተኛ ክፍሉ እንዳለ፣ ከነደብተሩ፣ ሻይ ቤቱ ውስጥ የገባ መሰላት። አንድ ሰው አሁን ቢያናፋ ነገሩ ሁሉ አለቀ። ማንም አላናፋም። ሁሉም የሚጠብቀው መልሱን ነው።

«እኔ» አለች እናቷ የኮቷን የመጨረሻ ቁልፍ እየቆለፈች፣ «በእናቴ ነው የወጣሁት!»

አሮጊቷ ሻያቸውን ደፉ። ጥንቸሏ ደነገጠችና ከአስማተኛው እቅፍ ወርዳ ወንበር ስር ገባች። አያቷ አፋቸውን ከፍተው ቀሩ፤ ሰላሳ ስድስት ዓመት ተራቸውን ስተው የማያውቁት ሰው የሚቀበሉት አጡ።

«እትዬ፣ ወይ ውጪ ወይ ተቀመጪ!» አለ ከኋላ አንድ ጎልማሳ። «አልታየንም እኮ!»

እናቷ በሩን አየች። ወንበሩን አየች። ተቀመጠች። አልሳቀችም፣ ኮቷንም አልፈታችም፤ እጆቿን አጣምራ ሩዪንን ቀጥ ብላ ተመለከተቻት።

ጽሑፉ ላይ ገና ሁለት ምት ይቀራል። ሩዪን እጅጌዋን ወደ ላይ ሰበሰበች፣ አያቷን በትከሻቸው ይዛ ወደ ብርሃኑ አዞረቻቸው፣ ማራገቢያውንም አነሳች።