እርሳሱ ሁለቴ ሲመታ

«አባዬ የማንንም ወሬ አይሰሙም፤ አንቺ ያልሽውን ግን ያምናሉ» አለ አጎቷ። «ግራው ጥሩምባ ተሰንጥቋል፣ ይንቀጫቀጫል በያቸው። በቃ። የቀረውን ለእኔ ተይው።»

ልጅቷ፣ እናቷና አጎቷ ወጥ ቤት ውስጥ ነበሩ፤ በሩም መስኮቱም ተዘግቷል። ቢዘጋም ከጓሮው ክፍል የሚመጣው የአንዲት ዘፋኝ ድምፅ መደርደሪያው ላይ ያሉትን ብርጭቆዎች ያንጫርር ነበር። ዘፋኟ «ስ» ባለች ቁጥር ጆሮ ላይ መርፌ የሚሰካ ይመስላል። እናቷ በሁለቱም ጆሮዋ ጥጥ ወትፋ ሽንኩርት ትከትፋለች። ዓይኗ የቀላው ግን በሽንኩርቱ ብቻ አልነበረም፤ ራስ ምታቱ ከጠዋት ጀምሮ አልለቀቃትም።

ጓሮ ያሉት አያቷ ናቸው። ዕድሜያቸውን ሙሉ ሲኒማ ቤት ውስጥ ፊልም አጫዋች ሆነው ኖረዋል። ሲኒማ ቤቱ ሲፈርስ ሰው ሁሉ በርና መስኮት ሲሻማ፣ እሳቸው ከመጋረጃው ጀርባ የነበሩትን ሁለት ስፒከሮች በጋሪ አስጭነው መጡ። ስፒከሮቹ አፋቸው እንደ ልብስ ማጠቢያ ሳፋ የሰፋ ጥሩምባ አላቸው። ጥሩምባ ደግሞ ትንሽ ጉልበት ሰጥተውት ብዙ የሚጮህ ፍጥረት ነው። ለሺህ ሰው የተሠራውን ዕቃ አምስት ወንበር ብቻ በሚይዝ ክፍል ውስጥ ለማስማማት አያቷ ያልሞከሩት ነገር የለም። ግድግዳውን በወፍራም ምንጣፍ ሸፈኑ፣ ስፒከሮቹን ወደ ወንበሩ አዞሩ፣ በመጨረሻም የብረቱን አፍ የሚተካ ሌላ አፍ ከእንጨት ሊያሠሩ አናጢ ጠሩ።

ያኔ ልጅቷ አሥራ ሁለት ዓመቷ ነበር። አያቷ ወንበር ላይ አስቀምጠው ፊቷን ወደ ግድግዳ አዞሩና ዓይኗን አስጨፈኗት። እርሳስም ሰጧት። «በአፍሽ እንዳትነግሪኝ» አሏት። «አፍ ይሉኝታ ያውቃል። ከወደድሽው የወንበሩን ክንድ አንዴ ምቺ፣ ካልወደድሽው ሁለቴ።» የብረቱ አፍ እንደ ድስት ክዳን ሲያቃጭል ሁለቴ መታች። አናጢው የተመጻደቀበት፣ መስታወት እስኪመስል የተወለወለው ቀላል እንጨት ሲመጣም ሁለቴ። ሦስተኛው ከከባድ እንጨት የተሠራ፣ መልኩ እንኳን ያላማረ ነበር፤ አንዴ መታች። አናጢው ሲያኮርፍ አያቷ ሳቁበት። «ጆሮዬ መልኩን አላየችውም» አሉት። ከዚያን ቀን ጀምሮ እሷን «ጆሮዬ» ብለው ነው የሚጠሯት።

ወደ ጥሩምባው የሚሄደውን ቀጭን ድምፅ የሚመጥን አንድ ትንሽ ሳጥን አለ። ሳጥኑ ላይ ከአሮጌ ሬዲዮ የተነቀለ ጥቁር ማዞሪያ ተሰክቷል፤ ዙሪያውን ከአንድ እስከ ስምንት ያሉት ቁጥሮች በአያቷ እጅ ተጽፈዋል። ትክክለኛው ቦታ ሦስት ነበር። አምና አንድ ቀን አያቷ ድምፁ ደብዝዟል ብለው ማዞሪያውን ወደ አራት አመጡት። እሷም ሁለቴ መታች። «እኔ እኮ ገና አሁን ነው የሰማሁት» አሉ፤ ዞር ስትል ፊታቸው ላይ ፍርሃት አየች። በአያቷ ፊት ላይ ፍርሃት አይታ ስለማታውቅ በሚቀጥለው ጊዜ አንዴ ብቻ መታች። ከዚያ አምስት ሆነ፣ ስድስት ሆነ። አሁን ሰባት ላይ ነው። እሷም አንዴ፣ አንዴ፣ አንዴ እያለች እዚህ አድርሳዋለች።

ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው እንዲሉ፣ የአያቷ ጆሮ መድከሙን ሰፈሩ በሙሉ ሲያወራው ያልሰሙት እሳቸው ብቻ ናቸው። እንግዳ ይመጣል፣ ግሩም ነው ይላል፣ ሻይ ሳይጨርስ ቀጠሮ አለብኝ ብሎ ይወጣል።

«እውነቱን ለምን አንነግራቸውም?» አለች ልጅቷ።

«ምን ብለን? ጆሮዎ ሞቷል ብለን?» አለ አጎቷ። «የኖሩት እኮ በጆሯቸው ነው።»

እናቷም የሽማግሌ ልብ አይሰበርም አለች። ሁለቱም ይህን የሚሉት ከመውደድ ነው፤ ልጅቷን ያናደዳትም ይኸው ነበር። ክፉ ቢሆኑ ለመቃወም በቀለላት። አጎቷ ሁሉንም አስቦ ጨርሷል። ነገ ከሰዓት አንድ የሆቴል አስዋቢ ይመጣል፣ «ለጥገና» ተብሎ ጥሩምባዎቹ ይሄዳሉ፣ በምትካቸው ቀጠን ያሉ አዳዲስ ስፒከሮች ይገባሉ። ጥሩምባዎቹ ሆቴሉ ጋ ምን እንደሚሆኑ ስትጠይቀው ጣሪያውን ማየት ጀመረ። ተገልብጠው በር ላይ ይሰቀላሉ፤ ውስጣቸው አምፖል ይገባል አላት።

«አምፖል? ይሄማ ሼም ነው» አለች። ተው ብትለው ግን ጆሮ ዳባ ልበስ አለ።

በማግስቱ አስዋቢው ሜትሩን በእጁ እንደያዘ መጣ። አያቷ ዘፈን ሊሰማ የመጣ እንግዳ መስሏቸው ደስ አላቸው። መሃል ላይ ያለውን ምርጥ ወንበር ሰጡት፣ ሸክላውን በለስላሳ ጨርቅ ወለወሉ፣ መርፌውን ቀስ አድርገው አሳረፉ። ዘፋኟ ገና አፏን ስትከፍት አስዋቢው ፊቱን አጨማደደ፤ ከዚያ ይሉኝታ ያዘውና ግሩም ነው አለ። አጎቷም ግሩም ነው አለ። አያቷ ፈገግ ብለው «ጆሮዬ፣ ቦታሽን ያዢ» አሏት።

ልጅቷ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ ዓይኗን ጨፈነች። ከኋላዋ አጎቷ ጉሮሮውን ሲጠርግ ሰማችው። እርሳሱን አንስታ ሁለቴ መታች።

አያቷ ዘፈኑን አቆሙ። «ምን ሆነ?»

«ተሰንጥቆ ይሆናላ» አለ አጎቷ ቶሎ ብሎ። «እኔም የሆነ መንቀጫቀጭ ሰምቻለሁ።»

ልጅቷ ዞረች። እዚያ ወንበር ላይ ተቀምጦ ማውራት ክልክል ነው፤ እሷ ግን አወራች። «አልተሰነጠቀም። ጥሩምባው ምንም አልሆነም። ቀጭኑ ድምፅ ነው የበዛው። እርስዎ ጋ አይደርስም እንጂ አባባ፣ የኛን ጆሮ ይበሳል። እማዬ እዚህ ክፍል መምጣት የተወችው በሱ ነው።»

አጎቷ በሙሉ ስሟ ጠራት። አያቷ ግን እጃቸውን አንስተው ዝም አሰኙት።

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ከአምና።»

«አምና አንዴ ነበር የምትመቺው።»

«ዋሽቼ ነው።»

አያቷ እንደ መቀመጥ አሉና ተዉት። ሲናገሩ ድምፃቸው ዝቅ ያለ ነበር፤ እርሳሱን የሰጧት ቢያንስ አንድ የማይዋሽ ሰው ቤታቸው ውስጥ እንዲኖር ብለው እንደነበር ነገሯት። ከዚያ ሁሉም ክፍሉን ለቀው እንዲወጡ አዘዙ። አስዋቢው ቀድሞ ተነሳ፤ አጎቷም በዓይኑ እሷን እየበላት ተከተለው።

«እኔ አልወጣም» አለች ልጅቷ። «መጀመሪያ ወደ ሦስት ይመልሱት። ከዚያ በኋላ ውጪ ካሉኝ እወጣለሁ።»

በዚያ ቤት እንዲህ ብሎ የመለሰላቸው ሰው የለም። አጎቷና አስዋቢው በሩ ላይ እንደቆሙ ቀሩ። በመጨረሻ ሽማግሌው መርፌውን መልሰው አሳረፉና ማዞሪያውን ወደ ስድስት አመጡት። ልጅቷ ወደ ግድግዳው ዞራ ሁለቴ መታች። አምስት። ሁለቴ።

«ከበሮውን የሚዳብሰውን ብሩሽ አጣሁት» አሉ አያቷ።

ሁለቴ መታች።

«አሁን ደግሞ ዘፋኟ መጋረጃ ጀርባ ገባችብኝ» አሉ ማዞሪያውን አራት ላይ አድርሰው።

እንባዋ አገጯ ላይ ወርዷል። አንዴ ብትመታ ሁሉም ነገር እዚያው እንደሚያበቃ ታውቃለች። እርሳሱን አጥብቃ ይዛ አራት ላይም ሁለቴ መታች።

ማዞሪያው ሦስት ላይ ሲደርስ ክፍሉ ሌላ ሆነ። ጆሮ የሚወጋው መርፌ ጠፋ። ዘፋኟ ስንኙን ከመጀመሯ በፊት የምትስበው ትንፋሽ ሳይቀር ተሰማ። ልጅቷ አንዴ መታች።

ዓይኗን ስትገልጥ እናቷ በሩ ጋ ነበረች። አንዱን ጥጥ አወጣች፣ ትንሽ ቆይታ ሌላውንም። ከዚያ ገብታ ባዶው ወንበር ላይ ተቀመጠች። አያቷ ጥሩምባውን ትተው ልጃቸውን አዩ፤ ለስንት ጊዜ ጥጥ እንደወተፈች ሊጠይቋት አስበው የተዉት ይመስላል። አስዋቢው ሸክላው እስኪያልቅ ሳይንቀሳቀስ ቆመ። ሲያልቅ ሜትሩን ኪሱ ከተተና ለአጎቷ ለአምፖሉ ሌላ ነገር እንደሚፈልግ ነግሮት ሄደ።

«ብሩሹ አለ?» ብለው ጠየቁ አያቷ።

«አለ።»

«ትንፋሿስ?»

«እሱም አለ።»

አያቷ ራሳቸውን ነቀነቁ። ግን ወዲያው እጃቸው ወደ ሳጥኑ ሄደ። «ትንሽ ብቻ» አሉ። «ለእኔ ያህል።»

ልጅቷ ቀደመቻቸው። ማዞሪያው ድሮም ላላ ያለ ነው፤ ሳብ ስታደርገው ወለቀ። ኪሷ ከተተችው።

«ማዞሪያዬን» አሉ አያቷ መዳፋቸውን ዘርግተው።

«አልሰጥም።»

ተመልሳ ወንበሯ ላይ ተቀመጠች፣ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች፣ ዓይኗን ጨፍና እርሳሱን ያዘች። ከዚያ ሸክላው ሲገለበጥ፣ ለስላሳው ጨርቅም ሌላኛውን ገጽ ቀስ እያለ ሲወለውል ሰማች።