ቅናተኛው ሙጫ ነጋዴ

«ሙጫው እርጥብ ነው፣ ኸዋጃ።»

«ፀሐይ ያደርቀዋል።»

ግመል ነጂው የሚጠብቀው መልስ ይኸው ነበር። ጆንያውን ኸዋጃ ባለው ፈረንጅ ነጋዴ በስታቭሮ እግር ስር ጥሎ በሱዳኗ የከሰላ ገበያ ግርግር ውስጥ ገባ። ዞር ብሎም አላየ።

ስታቭሮ እጁን ሙጫው ውስጥ ከተተ። ወረቀት ነካ።

ግሪካዊው ነጋዴ ስታቭሮ ግሪክ አልነበረም። የእንግሊዝ ጦር ሻምበል ሎሪመር ነው፤ የምስጢር ስሙ «ምስማር»። እንግሊዝ ከቱርክ ጋር የገጠመችው ጦርነት ሁለተኛ ዓመቱን ይዟል፤ የድንበሩ ቅኝት የሚወጣበትን ቀን ለቱርኮች የሚሸጥ ሰው አለ። ካርቱም የተቀመጠው አለቃው ኮሎኔል ግሪቭዝ፣ በምስጢር ስሙ «መዶሻ»፣ ሻጩን እንዲያገኝ ላከው። ሲልከውም፣ «ሻለቃ ፌንዊክን ካንተ በላይ የሚያውቀው የለም» ብሎት ነበር።

እውነቱን ነው። ከፌንዊክ ጋር አብረው ሠልጥነዋል፤ አብረው ዘምተዋል። ሹመቱን ግን ፌንዊክ ወሰደ። ከሰላን እንዲገዛ ተሰጠው። ሃሪየትንም ያገባት እሱ ነው። ሎሪመር ደብዳቤ ሲጽፍላት፣ ሲሰርዝ ሲደልዝ፣ ፌንዊክ ሄዶ ጠየቃት።

ግመል ነጂው ግሪቭዝ የመደበለት ሰው ነው፤ ለቱርኮች የሚላክ ወረቀት ጠልፎ ያመጣለታል። መጋዘኑ ጓሮ ወረቀቱን ገለጠው። የቅኝት ፕሮግራም። የፌንዊክ የእጅ ጽሑፍ። የፌንዊክ ማኅተም።

ደስ አለው። ሃሪየትን ካጣ ወዲህ፣ ስድስት ዓመት ሙሉ፣ እንዲህ ደስ ብሎት አያውቅም። አገሩን የሸጠ መኮንን በጥይት ይደበደባል። ይደብደባ!

ሳያድር ቴሌግራፍ ቤት ሮጠና «ሙጫው ደርቋል» ብሎ ለግሪቭዝ ላከ። ሻጩ ፌንዊክ ነው፣ ኑና ያዙት ማለት ነው።

በማግስቱ እሁድ ሻለቃው ምሳ ጠራው። የከተማውን ነጋዴዎች በየተራ ይጋብዛል። ሃሪየት ሳህን አቀበለችው።

«ሙሴ ስታቭሮ፣ ሙቀቱን እንዴት ቻሉት?»

አላወቀችውም። ጢሙና ፀሐይ ያጠቆረው ፊቱ ሥራቸውን ሠርተዋል፤ ለሰላይ ይህ ድል ነው። እሱ ግን ብታውቀው በወደደ። ባሏ ትከሻዋን ሲዳብስ ደግሞ ደሙ ፈላ።

ከምግብ በኋላ እሷ እንደ ወጉ ተነስታ ወጣች። ሻለቃው፣ ስታቭሮና አንድ ሽማግሌ የጦር ሐኪም ቀሩ። ወይን ጠጁ መጣ። ሻለቃው ቀድቶ ጠርሙሱን በግራው ለተቀመጠው ለስታቭሮ ሰጠው። ስታቭሮም ቀዳና በግራው ወዳለው ሐኪም ዘረጋው። ሐኪሙ አንቀላፍቷል። ስታቭሮ ጠርሙሱን አየር ላይ እንደያዘ ጠበቀ። ሽማግሌው እስኪነቃ።

ፌንዊክ ዓይኑን ከጠርሙሱ አልነቀለም።

ሐኪሙ ጋደም ሊል ሄደ። በሩ ተዘጋ።

ፌንዊክ ቁልፉን አዞረ።

«ግሪክ ቢሆን ጠርሙሱን ጠረጴዛው ላይ ያስቀምጠው ነበር» አለ ፌንዊክ። «ዞሮ እስኪያልቅ ጠረጴዛ አይነካም እያሉ የቀጡን እኛን ብቻ ነው፤ በእንግሊዝ መኮንኖች ክበብ። ጢሙ ያምርብሃል፣ ሎሪመር።»

የሎሪመር እጅ ወደ ሽጉጡ ሄደ።

«ተው እንጂ! የመጣኸው ለእኔ ነው አይደል? ወረቀትም ሳታገኝ አትቀርም። ቅኝቱ መቼ ነው ይላል?»

«ሐሙስ።»

ፌንዊክ በረጅሙ ተነፈሰ። «የሚሸጠኝን ለማወቅ ለአራት አለቆች አራት የተለያየ ቀን ጽፌ ላክሁ። ሐሙስ ብዬ የጻፍኩት ለአንድ ሰው ብቻ ነው። ለግሪቭዝ።»

መዶሻ።

ሎሪመር አሁን ገባው። ሻጩ ራሱ ግሪቭዝ ነው። ፌንዊክ እየደረሰበት መሆኑን አውቆ ሊያስገድለው አሰበ፤ ለዚህም ስለ ፌንዊክ ክፉ ሲነገረው ሳያላምጥ የሚውጥ ሰው ፈለገ። ከዚያ ሁሉ ጦር መርጦ እሱን ላከ።

«ትናንት ቴሌግራም ልኬያለሁ» አለ።

«ገምቻለሁ። ማክሰኞ ወታደር ይዞ ይመጣና እዚሁ ግቢ ያስረሽነኛል። ያቺን ወረቀት ይዘህ የግሪቭዝ የበላይ ለሆነው ጄኔራል ካልመሰከርክ አበቃልኝ።»

ወረቀቱ የሎሪመር ኪስ ውስጥ ነው። ክብሪቱ ጠረጴዛው ላይ።

ዝም ቢል ይበቃ ነበር።

የሃሪየት ሳቅ ከበረንዳው ተሰማ። ለአፍታ ያህል፣ ጥቁር የለበሰችውን ሃሪየትን ሲያጽናና ታየው። ጣፈጠው። መጣፈጡ ራሱ አስጠላው።

«ብዕር ስጠኝ።»

«ሳታጣራ ለምን ከሰስክ ማለታቸው አይቀርም» አለ ፌንዊክ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ማዕረግህን ይገፍፉሃል፣ ወንድሜ።»

ሎሪመር ጻፈ። ፌንዊክ ከጀርባው ቆሞ አነበበ።

«ሳላጣራ የከሰስኩት ስለቀናሁበት ነው።»

ምስክርነቱ በዚያው ምሽት በቴሌግራፍ ለጄኔራሉ ተላከ፤ ማክሰኞ ግሪቭዝ ከሰላ ሲገባ የጄኔራሉ ትእዛዝ ቀድሞት ደርሷል። ይዟቸው የመጣው ወታደሮች እሱኑ አሰሩት። የሎሪመርም ማዕረግ በዚያው ሳምንት ተገፈፈ። ወዴት ይሂድ? አገር ቤት የሚጠብቀው የለም፤ ገበያው ግን ስታቭሮን ያውቃል።

ፌንዊክ አንድ ቀን ከሱቁ ደጃፍ መጥቶ ቆመ። «ለሃሪየት አልነገርኳትም» አለው። «አንተ መሆንህንም፣ የጻፍከውንም። አደራ ነው፤ ክብርህን እጠብቃለሁ።»

«እግዜር ይስጥልኝ፣ ሻለቃ» አለ ስታቭሮ በተሰባበረ የግሪክ አነጋገር።

ሻለቃው በቅሎውን አዙሮ ሄደ። ደግነቱ ስታቭሮን እንደ ሚጥሚጣ ለበለበው። ምናለ ቢነግራት? ትፈርበት፣ ትናቀው። ለአንድ ቀን እንኳ እያሰበችው ትዋል።